ከግንቡ ማዶ የምትጮኸውን ወፍ ፍለጋ

እሑድ ንጋት ላይ ከጳውሎስ ጀርባ ካለው ግቢያችን ስንወጣ፣ በዘንቢሌ ውስጥ ከላይ ዳቦ፣ ከዳቦው ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ካሜራ ነበር። አብሮኝ የሚሄደው ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። የምንሄደው አንዲት ወፍ ፈልገን ለማየት፣ ከተቻለም ፎቶ ለማንሳት ነበር።

ይህን የሚያነብ ሰው «ይህ ደግሞ ምኑ ጉዞ ነው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ ከጳውሎስ እስከ እንጦጦ ሥር ያለው ሁሉ ጉለሌ ነው፤ ለምሳ ቤት ያስገባል። በደርግ ጊዜ ግን ካሜራ ይዞ ያን ዳገት መውጣት፣ ያውም ከእስር ቤት ከወጣ ገና ወራት ከሆነው ሰው ጋር፣ ቀላል መንገድ አልነበረም።

እኔ በአንድ ክሊኒክ ራጅ አንሺ ነበርኩ። ፊልም ማጠብ የተማርኩት እዚያው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ከመጣ ባልደረባዬ ላይ አሮጌ ካሜራና አንድ ረጅም ሌንስ ከገዛሁ በኋላ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው አጥንት፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ወፍ ማንሳት ጀመርኩ። የክፍሌ ግድግዳ በጥቁርና ነጭ የወፍ ፎቶ ተሞላ።

ጋሼ ከመታሰሩ በፊት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጨዋታ የሚያውቅ፣ ቤት ሲገባ ገና ከበር ወሬ የሚጀምር ሰው ነበር። ከዓመታት በኋላ በምሕረት ሲፈታ ግን ዝምተኛ ሆኖ መጣ። ሚስቱ ጽጌ ስታናግረው «እሺ» ይላል፣ ያበቃል። ስለ እስር ቤቱ አንስቶ አያውቅም፤ እኛም አንጠይቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ክፍሌ ገባና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ።

«አስቱ፣ ድምፅ በፎቶ አይነሳም፣ አይደል?» አለኝ።

«የምን ድምፅ?»

ከንፈሩን አሹሎ አፏጨ። ደወል የመሰለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ ጉሮሮውን አሻክሮ አንድ አጭር ድምፅ ጨመረበት።

«ጎህ ሲቀድ ከግንቡ ማዶ ትጮኽ ነበር» አለ። «ክፍላችን መስኮት አልነበረውም። ምን እንደሆነች እንከራከር ነበር። አንዱ እንቁራሪት ናት ይላል፣ ሌላው የዘበኛ ፊሽካ ነው ይላል። እኔ ወፍ ናት እል ነበር። ሳያውቁት የሄዱ አሉ።»

የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅኩትም። ድምፁን እንጦጦ ሥር ባሉት ሸለቆዎች የሰማሁት መሰለኝ፤ የሚጮኸውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። «እሑድ እንሂድ» አልኩት።

ችግሩ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ መኖሩ ነበር። ከእስር የተፈታ ሰው ደግሞ ከስብሰባ ቢቀር ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ጽጌ ነገሩን ስትሰማ ጥቂት አሰበችና፣ «እኔ እሄዳለሁ። ሆዱን አሞት ተኝቷል እላለሁ። እናንተ ብቻ ሳትቆዩ ተመለሱ» አለች። እጇ ግን ነጠላዋን ይዞ ይጠመዝዝ ነበር።

ሽሮ ሜዳ

በመጀመሪያው አውቶቡስ ፒያሳ ወርደን፣ ከዚያ ሌላ ይዘን ሽሮ ሜዳ ደረስን። ጋሼ መንገዱን ሙሉ በሩን እያየ ነው የሄደው። ወታደር በገባ ቁጥር ዳቦውን በካሜራው ላይ አስተካክላለሁ።

ሽሮ ሜዳ ገና አልነቃችም ነበር። የጋቢና የነጠላ ሱቆቹ አልተከፈቱም፤ ከአንድ ግቢ ውስጥ ብቻ የሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰማል። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ትኩስ ፓስቲ እየጠበሱ ይሸጣሉ። ሁለት ፓስቲና ሁለት ሻይ አዘዝን። ስኳር በራሽን ስለሆነ ሻዩ ስኳር የሚያውቀው በስም ብቻ ነው። ሴትዮዋ ይቅርታ የጠየቁን እኛ ሳንናገር ነው። ጋሼ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ፓስቲውን ግማሹን በልቶ ግማሹን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ከእስር ቤት ይዞት የመጣ ልማድ ነው፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ዳገቱ

ከሽሮ ሜዳ በላይ አስፋልቱ በባሕር ዛፍ መሃል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ባሕር ዛፉ ለዓይን ያምራል፤ ጠረኑም ደስ ይላል፤ ለወፍ ግን ብዙ አይመችም። ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፈን ወደ ሸለቆዎቹ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዝን። እዚያ በወንዙ ዳርና ዳር አጋሙ፣ ቀጋው፣ አልፎ አልፎም ወይራና ጽድ ቀርቷል።

ጋሼ ዳገት አይችልም። ውስጥ እግሩን ተገርፏል፤ ድንጋይ ሲረግጥ ፊቱ ይለወጣል፤ አመመኝ ግን አይልም። ስለዚህ ትንሽ በሄድን ቁጥር እቆምና «ቆይ፣ የሆነ ወፍ አየሁ» እለዋለሁ። አንዳንዴ እውነት ነበር። ዋኔ አሳየሁት፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ክንፉን የሚያፀዳ ጭልፊት አሳየሁት። ብዙውን ጊዜ ግን ምንም አልነበረም። ሁለታችንም ባዶውን ዛፍ ትክ ብለን እናይና እንቀጥላለን።

ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ ሴት ሸክሟን ከድንጋይ ላይ አሳርፋ አገኘናት። ሰላም ስንላት ዘንቢሌን አየችው። ነጠላው ተገልጦ የሌንሱ ጫፍ ወጥቶ ነበር።

«እቴ፣ ሸፍኚው» አለችኝ። «ከላይ ጥበቃ አለ። እኔንም ይህችን ቅጠል ሊቀማኝ ነበር።»

«እንመለስ?» አልኩት ጋሼን።

ወደ ታች፣ ወደ ከተማው አየ። ከዚያ ወደ ሸለቆው አየ። «ትንሽ እንሂድ» አለ።

ሸለቆው

ወንዙ ዳር ወርደን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ተቀመጥን። ካሜራውን አውጥቼ ሌንሱን ገጠምኩ። ወፍ የሚያይ ሰው ሥራው መቀመጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ግን ከእኔ የተሻለ መቀመጥ ይችል ነበር። ጉልበቱን አቅፎ፣ ሳይነቃነቅ፣ ውሃውን ያዳምጣል።

ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ስትገባ ድምፁ መጣ። ከግራችን ካለው አጋም ውስጥ ያ የደወል ድምፅ ሦስት ጊዜ ተሰማ። ጋሼ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«እሷ ናት» አለ በሹክሹክታ። «አስቱ፣ እሷ ናት።»

ሌንሱን ወደ አጋሙ አዞርኩ፤ ቅጠል ብቻ። እንደገና ጮኸች። በዚህ ጊዜ ግን የሻከረው ድምፅ የተሰማው ከግራ ሳይሆን ከቀኛችን፣ ከቀጋው ውስጥ ነበር። አንዱ ከሌላው ምንም ሳይዘገይ ስለሚከተል፣ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው አንድ ጉሮሮ ነው የሚመስለው።

«ሁለት ናቸው» አለ ጋሼ። ከዚያ ጮክ ብሎ ደገመው፤ «ሁለት ናቸው እኮ። እኛ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ነው ስንል።»

የግራዋ ብቅ አለች። ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ በክንፏ ላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ከዋኔ ያነሰች ወፍ ናት። የአማርኛ ስሟን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ቀጥሎ የቀኙ ወጣና ጎኗ አረፈ፤ መልካቸው አንድ ነው። አንገታቸውን ዝቅ ቀና እያደረጉ ተጠራሩ። እኔ ደጋግሜ አነሳሁ። ዞር ስል ጋሼ ፊቱ በእንባ ርሷል፤ ግን ፈገግ ብሏል። ከተፈታ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው።

«ማናችሁ?»

ከበስተኋላችን ነው። አሮጌ ጠመንጃ የያዙ፣ በካፖርት ላይ ጋቢ የደረቡ ጎልማሳ ሰው ቆመዋል። ወፎቹ ተነሥተው ሄዱ።

«ወፍ ነው የማነሳው፣ አባባ» አልኩ።

«ወፍ? ከላይ ወታደር እንዳለ አታውቂም? መታወቂያ።»

የእኔን ሰጠሁ። ጋሼ የእሱን ሲያወጣ በመታወቂያው ውስጥ አጥፎ የሚይዘው የተፈታበት ወረቀት አብሮ ወጣ። ሰውየው ዘርግተው ቀስ ብለው አነበቡት። እኔ ጽጌን ነበር የማስበው። በዚያች ሰዓት ስብሰባ ላይ ተቀምጣ፣ ባሏ ታሞ መተኛቱን ተናግራ ነበር።

«ዛሬ ስብሰባ የለባችሁም?» አሉ።

የመለሰው ጋሼ ነው።

«አለ። የቀረሁት እኔ ነኝ። እስር ቤት ሆኜ ድምፅዋን የምሰማት ወፍ ነበረች፤ መልኳን ሳላይ ቀረሁ። እህቴ እሷን ልታሳየኝ ነው ያመጣችኝ። ጥፋት ካለ የእኔ ነው፤ እህቴን ይልቀቋት።»

ሰውየው ጠመንጃቸውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዞሩ።

«እኔ ይዣችሁ ብወርድ» አሉ በመጨረሻ፣ «እሷ ማታ ቤቷ ትገባለች። አንተ ግን አትገባም።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። «የእኔም ልጅ ሰሜን ነው ያለው። ደብዳቤ ካየን ቆየን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ክፈቺው።»

«ምኑን?»

«ካሜራውን። ፊልሙን አውጪው። ፊልም ከሌለ እኔም ያየሁት ነገር የለም። ፊልሙ ካለ ግን አይቼ ዝም ብያለሁ ማለት ነው።»

ክዳኑን ከፈትኩ። ፊልሙን በገዛ እጄ ፀሐይ ላይ ሳብኩት። ሲያልቅ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱትና፣ «በወንዙ ውረዱ፤ በመንገዱ አትሂዱ» ብለው ዳገቱን ወጡ።

ወደ ቤት

ስንወርድ አለቀስኩ። ግማሹ ፍርሃት ነበር፣ ግማሹ ንዴት። ያን የመሰለ ብርሃን፣ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ያን የመሰለ ቅርበት።

«አስቱ» አለ ጋሼ ከኋላዬ እያነከሰ፣ «አየናቸው እኮ።»

ጽጌ በር ላይ ነበር የምትጠብቀን። ከስብሰባው ተመልሳ፣ ሽሮ ሠርታ፣ ሦስት ጊዜ ወጥታ ገብታለች። ለምሳ ስንቀርብ ጋሼ ማውራት ጀመረ። ስለ ክርክሩ፣ ስለ እንቁራሪቱ፣ ስለ ፊሽካው ነገራት። «እና አንድ አይደለችም፣ ሁለት ናቸው» አለ። «አንዷ ትጠራለች፣ ሌላው ይመልሳል።»

ጽጌ የጠቀለለችው እንጀራ እጇ ላይ ቀረ።

«ጀርባቸው ጥቁር ነው» አለች። «ክንፋቸው ላይ ነጭ መስመር አለ።»

ጋሼ ወደ እኔ አየ። እኔ አልነገርኳትም።

«ስንቅ ይዤ ስሰለፍ አያቸው ነበር» አለች። «ቀድሜ ካልደረስኩ ወረፋው አይገኝም፤ ጎህ ሳይቀድ ነበር የምመጣው። ከግንቡ ሥር አጋም ነበር። እዚያ ውስጥ ናቸው። አንተም ትሰማቸው ይሆን እያልኩ፣ ስንቁ እስኪገባ እነሱን አያለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለች። የቁጣ ድምፅ አልነበረም።

ጋሼ አቀረቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እስቲ ንገሪኝ» አላት። «ከቤት በስንት ሰዓት ነበር የምትነሺው? ከማን ጋር ነበር የምትሄጂው?»

መንገር ጀመረች። ስለ ብርዱ፣ ምግቡን በማንኪያ እየቆፈሩ ስለሚፈትሹት ዘበኞች፣ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ተብላ ባዶ ሳህን ይዛ ስለተመለሰችው ጎረቤቷ ነገረችው። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከእነሱ ጋር በአንድ ግቢ እየኖርኩ፣ ጋሼ እስኪናገር ስንጠብቅ፣ ጽጌ ምን እንዳየች የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ያ ጉዞ ይህን አስተማረኝ። ከዚያ ወዲህም ወፍ ፍለጋ ስወጣ ካሜራውን ከዘንቢሉ ለማውጣት አልቸኩልም፤ መጀመሪያ አዳምጣለሁ፣ የሚመልስ ካለም ማን እንደመለሰ አያለሁ።

ሳህኔን ይዤ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ባዶውን ካሜራ ስጠርግ፣ የሁለቱ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። አንዳንዴ እሷ፣ አንዳንዴ እሱ። ፀሐይዋ ግቢውን ለቃ ስትሄድም አላቆሙም።