ለሴላ ልጅ የሚነሳ ሰው

ሐረገወይን አንዴ ካለች አለች ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አውቃታለሁ፤ ለንደን፣ ዋይት ሲቲ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ እኔ ታች፣ እሷ ላይ። ሐኪሙ «ጉልበትሽ ኦፕራሲዮን እስኪደረግ ደረጃ አትውጪ» ሲላት፣ «እንግዲያው ቤቴን ታች አውርድልኝ» ያለች ሴት ናት። ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ስትሠራ እነሆ አሥራ አራት ዓመቷ።

እዚያ ከጎኗ የምትቆመው ሴላ ትባላለች፤ ቶንጋ ከሚባል፣ ከዓለም ጫፍ ካለ ደሴት የመጣች። የሁለቱም እንግሊዝኛ ሰባራ ነው፤ ወሬ ከጀመሩ ግን ሌላ ሰው አያስገቡም። ባለፈው ነሐሴ ሴላ እያለቀሰች ነገረቻት። ልጇ ሜሌ እዚህ በሚከበረው የእነሱ አካባቢ ደሴቶች የባህል ቀን ብቻዋን ልትጨፍር ነው። በእነሱ ወግ ልጅ ስትጨፍር ዘመድ ተነስቶ ብር ይለጥፍባታል። የሜሌ አባት ሞቷል፤ ለንደን ውስጥ ከእናቷ በቀር ዘመድ የላትም። ማንም ሳይነሳላት ጨርሳ ብትወርድስ?

«እኔ እነሳለሁ» አለች ሐረገወይን።

«በዚያ ጉልበት?» አልኳት።

«በማን ጉልበት ልነሳ ታዲያ፣ በአንቺ?»

ቅዳሜ ተያይዘን ሄድን። አንድ መናፈሻ ውስጥ ደሴተኞቹ መንደር ሠርተዋል፤ የሳሞአ ቤት፣ የታሂቲ ቤት፣ የሃዋይ ቤት፣ ሁሉም ሣር ክዳን። ካፊያው ሣሩን አበስብሶታል። አንዱ ጋ ከበሮ፣ አንዱ ጋ ጊታር ይሰማል። ማኦሪ የሚባሉት ደሴተኞች ቤት ፊት ለፊት ደረቱን የገለጠ ጎረምሳ ምላሱን አውጥቶ ዓይኑን ሲያጉረጠርጥብኝ «በስመ አብ!» ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። «ሰላምታው ነው፣ አትፍሪ» ብላ ሐረገወይን ጎተተችኝ። ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ የጠበሱትን ሥጋ ጋበዙን። ፍልሰታ ነው ብለን አመለጥን እንጂ፣ ጾም ባይሆንስ አሳማ ልንበላ ኖሯል?

ሜሌ ወጣች። ክንዷ ቅባት ተቀብቶ ያብረቀርቃል። እኛ በትከሻ የምንናገረውን እሷ በጣቶቿ ነው የምትናገረው። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ግን ማንም አልተነሳም። ሴላ ከመድረኩ ሥር ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። አንጀቴን በላችው።

ሐረገወይን ከዘራዋን ለእኔ ጣል አድርጋ ተነሳች። መድረኩ ሦስት ደረጃ አለው፤ በእያንዳንዱ «እመብርሃን!» እያለች ወጣች። ከዚያማ ያው የእኛ ሰው አይደለች? የእንግሊዝ ብር ፕላስቲክ ነውና እንዲሁ አይያዝም፤ ሃያ ፓውንዷን በምላሷ አርጥባ፣ እንደ ሠርግ ቤት፣ ልጅቷ ግንባር ላይ ለጠፈችው!

ሰዉ ክው አለ። ከበሮው ራሱ ቆመ። ከጎኔ የተቀመጠች የደሴቱ ሴት «ራስ እኮ ክቡር ነው፣ ባዳ አይነካውም! ብር ክንድ ላይ ነው የሚለጠፈው» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘመድ እንሁናት ብለን መጥተን ልጅቷን በአደባባይ አዋረድናት!

ዝግጅቱን የሚመሩት፣ ሽርጥ የታጠቁ ግዙፍ ሽማግሌ፣ ማይክራፎን ይዘው ተጠጓት።

«እሜቴ፣ ለዚህች ልጅ ምኗ ነዎት?»

«አክስቷ ነኝ!»

«በእናት ወይስ በአባት?»

እናትየው እዚያው ቆማለች፤ ዘመዶቿን የሚያውቅ አይጠፋም። ውሸት ካልቀረ ምስክር በሌለበት በኩል ነው። «በአባቷ!» አለች ሐረገወይን፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ዝቅ ብለው እጅ ነሷት። «በእኛ ቤት» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ከአባት እህት የሚበልጥ የለም። እሷ ያልነካችውን ራስ ማን ይንካው?» ከየትኛው ደሴት ነሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ከበሮው እንደገና ተመታ። አንዲት ባልቴት ብር ይዘው ወጡ፣ ተከትለዋቸው ሌላ ሴት፣ ከዚያ ወንዶቹ። ሐረገወይን ከልጅቷ ኋላ ሆና ትከሻዋን ትሰብቀው ጀመር። ሴላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ!

ሲያበቃ ሜሌ መጥታ ሐረገወይን እግር ሥር፣ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች።

«ጥቅምት ላይ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላኛል» አለቻት። «በድግሱ የአባት እህት ወንበር ከሁሉ ፊት ይቀመጣል። አባቴ እህት አልነበረውም። ባዶውን ልንተወው ነበር፣ አክስቴ።»

ሐረገወይን ለእናቷ አንድ ናት። ስድሳ ሦስት ዓመት ስትኖር ማንም አክስቴ ብሏት አያውቅም። ቢሆንም እሷ እሷ ናት፤ ከዘራዋን ከእጄ ተቀብላ ቀና አለች።

«እኔ እያለሁ?» አለች። «ሰፋ ያለ ወንበር ፈልጉ።»