«እናት» ብዬ የጻፍሁት አባት

ባለፈው ቅዳሜ ሰባታሚት ያለውን የቤታችንን ግድግዳ ስጠርግ አንድ የአቧራ ቁልል ሲራመድ አየሁ። አፈር የተነሰነሰበት፣ ጀርባው ላይ የጉንዳን ሬሳ የከመረ ተባይ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ «ምን ያፈዝሻል፣ እርገጭው» አሉኝ። አልረገጥሁትም። ከዚህ ቆሻሻ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የባዮሎጂ መምህራችን ሁለት አዳኝ ተባዮች አምጥታችሁ አወዳድሩ አለን። የተሻለው ሥራ አዲስ አበባ ለውድድር ይቀርባል፤ ሠሪውም አብሮ ይሄዳል። እኔ ከአንበሳሜ ገበያ ያለፈ አገር አላየሁም ነበር። መሄድ አለብኝ፣ አለቀ።

አንደኛውን ከግድግዳችን ያዝሁ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ከእኛ የማይርቀው ሐይቅ ዳር፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ሥር፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገብቼ ሁለት ጠፍጣፋ ቡናማ የውኃ ተባዮች አወጣሁ። ባልዲ ውስጥ ሳቆያቸው ሴቷ ወንዱ ጀርባ ላይ ወጣች፣ እንቁላሏን ደረደረችበት፣ ጥላው ሄደች።

በምግብ ነገር የግድግዳውም የውኃውም ያው ናቸው፤ መርፌ በመሰለ አፋቸው ወግተው ይመጥጣሉ። የግድግዳው ጉንዳኑን መጥጦ ቀፎውን ይለብሳል፣ ሌሎቹ ጉንዳኖች እንዳይለዩት። የውኃው የዓሣ ጫጩት አቅፎ ይመጥጣል። ሁለቱም ያስጠሉኛል፤ የውኃው ግን ቢያንስ የተሸከመው ልጆቹን ነው። «አባት» ብዬ ጻፍሁ።

መምህሩ ባልዲውን ዞር ብሎ ሳያይ ወረቀቴን አነበበ።

«ይቺ እናት ናት» አለኝ።

«ቲቸር፣ ሴቷ ስትጥልበት አይቻለሁ።»

«ወንድ ልጅ ሲያዝል የት አይተሽ ታውቂያለሽ? አስተካክይና ትሄጃለሽ። ካልሆነ ሌላ ተማሪ አለ።»

ሰርዤ «እናት» ብዬ ጻፍሁ። እስክሪብቶውን እንኳ ከእሱ ነው የተዋስሁት።

አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ጋ አንዲት ነጭ ጋዎን የለበሱ ዳኛ ቆሙ።

«እንቁላሉን የጣለችው ራሷ ናት?»

«አዎ።»

«ራሷ ጀርባ ላይ? በምን ደርሳ?»

ዙሪያው ሳቀ። መምህሬ ከኋላዬ «እኔ ነግሬያት ነበር፤ ይቺ ልጅ አትሰማም» አለ። ዞሬ አየሁት፤ ክራባቱን እያስተካከለ ነው። የተሰረዘውም የተተካውም በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ዳኛዋ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

እሱን መናቅ ቀላል ነው፤ ስንቀው ኖሬያለሁ። የሚከብደኝ በዓይኔ ያየሁትን ለመካድ የፈጀብኝ ጊዜ ማጠሩ ነው። ትናንት ገበያ አገኘኝና «እንዴት ነሽ ጎበዟ?» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ደኅና ነኝ ቲቸር» አልሁት።