የአስር ሰዓት ፀሐይ

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምት ነው። ክረምት ስል የዝናቡን ሳይሆን የዴንቨሩን፣ የበረዶውን ማለቴ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ስቄ ስጨርስ ደግሞ ያንን ሰው እመርቀዋለሁ። ቤቴን ያተረፈልኝ እሱ ነው።

የምኖረው ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብቻዬን ነኝ፤ ወድጄ ነው ብቻዬን የሆንኩት። ልጄ ሰላም ሴንቴኒያል የሚባል ቦታ ትልቅ ቤት አላት። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ «ቤዝመንቱን አዘጋጅቼልሻለሁ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ቤዝመንት የምትለውን ምድር ቤት አይቼዋለሁ። ምንጣፉ ጥሩ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ግድግዳ ያህላል፤ መስኮቱ ግን ድመት አያሳልፍም። እኔ ደግሞ ሰው ቤት ጥግ ይዤ መቀመጥ አልወድም፣ የልጄም ቤት ቢሆን።

ኅዳር ላይ እግሬ ከዳኝ። ጭኔ ይዝላል፣ አጥንቴን ይቆረጥመኛል፣ ደረጃውን የምወጣው ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ እየተጎተትኩ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸው ሁሉ ብርድ ነው፣ ብርድ አጥንትሽ ገብቶ ነው አሉኝ። እኔም መጋረጃውን ዘግቼ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ ቤት ተቀመጥኩ። ይባስ ብሎ ከሶፋ መነሳትም ጭንቅ ሆነብኝ።

ሰላም ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደሜ ሲመረመር ቫይታሚን ዲ የሚባለው ነገር ከሰውነቴ ተሟጧል ተባለ። ሰላም የሥራ ስልክ መጥቶባት ስለወጣች ሐኪሟ ያነጋገረችኝ በስልክ አስተርጓሚ ነው። ኪኒን አዘዘችልኝ። ከዚያም፣ ከአስር ሰዓት ጀምሮ ውጪ ወጥተው ሃያ ደቂቃ ያህል ፀሐይ ይሙቁ፣ ከቻሉም ይራመዱ አለችኝ። አስተርጓሚው ቃል በቃል ነገረኝ፣ እኔም ቃል በቃል ያዝኩ።

ስንመለስ ሰላም መኪናው ውስጥ ኮስተር አለች። የቤቴ ኮንትራት የካቲት ላይ ያልቃል። እስከዚያ ደረጃውን ያለ ሰው እርዳታ ካልወጣሽ አናድሰውም፣ እኔ ጋ ትገቢያለሽ አለችኝ። ምን ልበላት? ፈርታ ነው፤ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቄ ብገኝ ለእሷም የዕድሜ ልክ ጸጸት ነው። እሺ አልኳት።

የእኔ ሰዓት የሚሄደው በሐበሻ ነው፤ የግድግዳዬም፣ የእጄም። እና በየቀኑ አስር ሰዓት ሲል፣ ፈረንጆቹ አራት የሚሉት መሆኑ ነው፣ እንደምንም ወርጄ ከሕንፃው በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ነገሩ ምንም ግር አላለኝም። እንዲያውም ሐኪሟን አደነቅኳት። የቀትር ፀሐይ ምች ነው፤ ይቺ ፈረንጅ ይህን ማን ነገራት እያልኩ።

የምሞቃት ፀሐይ ግን ስሟ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ወቅት በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ወደ ተራሮቹ አዘቅዝቃለች፣ የማዶው ሕንፃ ጥላ ደግሞ አግዳሚዬን ሸፍኖታል። እኔ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ እንቀጠቀጣለሁ። ጉልበቴ ደርቆ ስመለስ ደረጃው አላልቅ ይለኛል። አንዳንዴም መሃሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ሰላም ስትደውል ግን እየተሻለኝ ነው እላታለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጬ ሳለ አንድ መኪና አጠገቤ ቆመ። ጺሙ ሸበት ያለ ሰው ወረደ። ከድር ይባላል፤ ሹፌር ነው፣ የሚኖረውም ከጎናችን ካለው ሕንፃ ነው። ያን ጊዜ ግን አላውቀውም። እሱም ሐበሻ መሆኔን የለየው በነጠላዬ ነው።

«እናቴ፣ ቁልፍ ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ።

«ፀሐይ እየሞቅኩ ነው» አልኩት።

ሰውየው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ወደ ኋላውም ዞሮ አየ። «የቷን ፀሐይ?»

በሸቅኩ። ሐኪሜ ያዘዘችኝን እኔ አውቃለሁ፣ ከአስር ሰዓት ጀምሮ ነው ያለችኝ ብዬ ተቆጣሁት። ሳቁን እንደያዘ ያስታውቅበታል፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ።

«በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

እኔን ድፍት ያድርገኝ! ለሠርግም ለለቅሶም የጠራኝን ሰው ሁሉ እኔው ራሴ የምጠይቀው ጥያቄ እኮ ነው። ሐኪሟን ግን መጠየቅ አልመጣልኝም። እሷ ረፋዱን ትለኛለች፣ እኔ ፀሐይዋን ልሸኝ እወጣለሁ። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ሳቄ መጣ፣ እሱም የያዘውን ለቀቀው። በረዶው መሃል ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ክንዴን ደግፎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አደረሰኝ። ሚስቱ ሐያትም ይኸው ቫይታሚን አንሷት እንደነበር፣ ሥራ የምትገባውም ከሰዓት በኋላ እንደሆነ እየነገረኝ ወጣን።

በማግስቱ በእኔ አራት ሰዓት ላይ ሐያት በሬን አንኳኳች። ምች ቢመታኝስ ብዬ አንገራገርኩ። «እትዬ፣ እዚህ በረዶ ላይ ምች ከመታዎት ዳማከሴውን እኔ አመጣለሁ» ብላ ይዛኝ ወረደች። ውጪው ቦግ ብሏል። ለካስ የኮሎራዶ ፀሐይ በረዶውም ላይ ትወጣለች! መጋረጃ ዘግቼ የሸሸኋት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ እስከ ፓርኪንጉ ጫፍ ብቻ ነበር የምንሄደው። እያደር መንገድ ተሻገርን፣ ቆይቶም ሐያት በመኪና ሎውሪ የሚባል ሰፈር ትወስደኝና እዚያ ያለውን መናፈሻ እንዞረው ጀመር። ስሜንም «የአስር ሰዓቷ» አለችው። ኪኒኔንም አላቋረጥኩም። ጥር ሲገባ ብረቱን በአንድ እጄ ብቻ ያዝኩ፤ ጥር ሳያልቅ እሱንም ተውኩት። ለሰላም ትንፍሽ አላልኩም። ስትመጣም እኔው ቀድሜ ወርጄ በሩ ላይ እየጠበቅኳት ደረጃው ላይ አላየችኝም።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ሰላም ዕቃ መሸከፊያ የታጠፈ ካርቶን ጭና መጣች። ልትወስደኝ ቆርጣ ነው የመጣችው። እኔ ከእግር ጉዞዬ እየተመለስኩ በሩ ላይ ተገናኘን። ምንም ሳልናገር ከካርቶኑ ግማሹን ብብቴ ሥር ከተትኩና ደረጃውን ተያያዝኩት። ከኋላዬ «እማዬ፣ ቀስ በይ» ትላለች፤ እኔ ወዴት ልስማ። በሬን ከፍቼ ቆሜ ጠበቅኳት። ልጄ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እያለከለከች ደረሰች።

«ካርቶኑን የት ላስቀምጥልሽ?» አልኳት።

አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ግን የድል ነበር። ኮንትራቱን ሰኞ አደስነው። ካርቶኑን ይዛው ተመለሰች።

አሁን ደሜም ተስተካክሏል። ሐኪሟ ይበልጡን የሠራው ኪኒኑ ነው ትላለች፣ ሐያት እግርዎ ነው ትላለች፣ እኔ ፀሐይዋ ናት እላለሁ። ከድርን ባየሁት ቁጥር ዕድሜህን ያርዝመው እለዋለሁ። ዛሬ ማንም ሰዓት ቢነግረኝ፣ ሐኪምም ይሁን ቄስ፣ ሳልጠይቅ አልለቅም።

የግድግዳ ሰዓቴን ግን አልቀየርኩም፤ አሁንም የሚሄደው በሐበሻ ነው። አራት ሰዓት ሲል ጫማዬን አጥብቄ አስሬ፣ በገዛ ደረጃዬ፣ ብረቱን ሳልነካ እወርዳለሁ።