ሰሌዳው ላይ የነበረው ፎቅ

ደብረ ታቦር መሀል ከተማ፣ ከአጥሬ ማዶ ፎቅ እየተሠራ ነው። ጠዋት ስወጣ የእርጥቡ ሲሚንቶ ሽታ ልጅነቴን ያመጣብኛል። ያኔ ደጃፋችን ላይ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ የተሳለበት ሰሌዳ ቆሞ ነበር፤ አሳዳጊዬ አክስቴም ቤቷ ለዚያ ሕንፃ እንደሚፈርስ ተነግሯት ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን ጭቃና ጭድ አቡክታ ግድግዳዋን መምረግ ጀመረች፤ እኔም እስከ ጉልበቴ ገብቼ ጭቃውን እረግጥላት ነበር። አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሲያልፍ አይቶን ቆመ።

«እማማ፣ ለሚፈርስ ቤት ምን ያለፋዎታል?»

«ፎቃችሁ በመጣ ጊዜ ይምጣ፣ ልጄ፤ ክረምቱ ግን መጥቷል» አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ሕንፃው ሳይመጣ አክስቴ አረፈች፤ ቤቱን እኔ ወረስኩ። ትናንት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሜትር ይዘው መጥተው ግቢዬን ለኩ። ቤቱ መቼ እንደሚፈርስ አልነገሩኝም። ዛሬ መስኮቱን አረንጓዴ ቀለም እየቀባሁ ነው።