አጎቴና የዝዋይ ወይን

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ዝዋይ የተመረተው ነጭ ወይን ወደኛ መምጣት የጀመረ ሰሞን ይመስለኛል። የእህቴ ልጅ ሻርዶኔ የሚሉትን አንድ ጠርሙስ ይዞ አምቦ መጣ። እኔ እንደ ከተማችን ልማድ አምቦ ውሃ ልጨምርበት ስል፣ ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ እጄን ያዙ።

«ተው እንጂ! እንግዳ ሳይናገር አፉን ትዘጋለህ?»

ማርም ሲቀምሱ እንዲሁ ነበሩ፤ አገሩን ሳይጠይቁ አይውጡም። ወይኑንም ጎንጨት አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸው ውስጥ አቆዩት።

«መጀመሪያ ሎሚ ነው፤ ቆይቶ ማር ማር ይላል። አፈሩ ምን ዓይነት ነው?»

«አሸዋማ ነው አባባ፤ ሐይቅ ያለበት ቆላ» አለ ልጁ።

«ወንጪም ሐይቅ አለ፤ ለምን አይተከልም?»

«ወንጪማ ብርድ ነው።»

«ወይኑን ጠይቀኸዋል?» ብለው ሳቁ።

ሄደው አፈሩን በእጃቸው ሊያዩ ጓጉ። እኛ «ክረምቱ ይውጣ» አልን፤ እሳቸው ግን መስከረምን አላዩም።

በኋላ እኔ ዝዋይ ሄድኩላቸው። አፈሩን አሸሁት፣ አሸተትኩት፤ የምነግረው ሰው ግን አጣሁ።

«በሉ ለእኔ ይንገሩኝ፣ ጋሼ» ብላ ስንመለስ እስከ አምቦ ድረስ ያዳመጠችኝ፣ አብራኝ የሄደችው የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ጫልቱ ናት።