የማይስሉ በሽተኞች

ልጅ ሳለሁ በተረት ውስጥ የሚታመም ሰው አይስልም ነበር። የንጉሥ ልጅ ትታመማለች፤ ባለመድኃኒቱ ሁሉ ያቅተዋል፤ አንድ ድሃ ከሩቅ ተራራ ቅጠል ይዞ ይመጣል፤ እሷም ትነሣና ሰርግ ይሆናል። በሕመሟና በሰርጓ መካከል ምን እንደነበረ ማንም አይነግረንም።

የሚተርትልን የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ ነበር። ቤታችን ከጎንደር በላይ፣ ከኮሶዬ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሲሉ ነው፤ ጉሙ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ያኔ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ ኩበቱ ፍም ሆኖ፣ ኩራዙ ጥላሸቱን ወደ ጣራው እየሰደደ፣ እኛ ልጆች ምድጃውን ከበን ስንቀመጥ፣ ታላቅ እህቴ ሙሉ ብቻ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ሳል ይዟታል። የበሽታውን ስም በቤታችን የሚጠራው የለም፤ «ብርድ መትቷት ነው» ይባላል። የምትጠጣበት ጣሳ ግን ከእኛ ዕቃ ተለይቶ፣ ምሰሶው ላይ በተመታ ችንካር ለብቻው ይንጠለጠል ነበር።

አንድ ማታ የንጉሡ ልጅ ድና ሰርጓ ሲደገስ፣ ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ተናገረች።

«አያ ደምሴ፣ የተረት ሰው ምነው አይስል?»

«የንጉሥ ልጅ ናታ! ማር ስትልስ የምትውል ምን አስሏት?»

«ማርስ እኔም ልሻለሁ። የሚስል ሰው ያለበትን ንገረኝ። የሚድን።»

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። አያ ደምሴ ፍሙን ሲቆሰቁስ ቆየና ጀመረ። በጉም አገር አንዲት ሴት ነበረች፤ ስትስል የጎረቤት ውሻ ይነቃል፤ ዘመዶቿ ጣሳዋን ለይተው ሰቀሉባት።

«ኧረ ተው አያ!» አለች እናቴ።

አልተወም። ሙሉ አንድ ቃል እንዳያመልጣት ሳሏን ይዛ ኖሯል፣ ከጓዳው ድምፅ ጠፋ። ሴትዮዋ ጣሳዋን ከችንካሩ አውርዳ ብቻዋን ወደ ምንጭ ወረደች። እዚያ ላይ አያ ደምሴ ተረቱን አቆመ።

«ከዚያስ?» አለች ሙሉ።

«የቀረውን ስትድኚ።»

«ስድንማ ተረት ምን ያደርግልኛል?»

ፍሙን በአመድ ዳፈነው። ከዚያም በኋላ በጠየቀችው ቁጥር ወደ ጅብና ወደ ጦጣ ይሄድባት ነበር። ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበርና፣ ሲስል ቆይቶ የዳነ ሰው አይቶ ባለማወቁ መጨረሻውን ያጣው ይመስለኛል። ገብሱ ሳይታጨድ ሙሉ ሞተች። ለማንም ምንም አላለችም፤ መናገሪያ ትንፋሽ አልነበራትም። አባቴ ጣሳዋን ከገደሉ ወረወረው፤ ቆርቆሮው ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ሲወርድ ቆሜ ሰማሁ።

አምና ልጄ ትዕግስት በዚያው በሽታ ታመመች። ጎንደር ቤት ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች። ዛሬ ስሙ ይጠራል፤ ቲቢ ይባላል፤ ኪኒንም አለው። በሶና ቅቤ ይዤላት ወረድኩ። አመሻሹ ላይ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ድራማ አየን። በሽተኛዋ ከንፈሯን ተቀብታ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ባልተጨማደደ አንሶላ ላይ ተኝታለች። አንድ ጊዜ ሳለችና መሐረቧ ላይ ደም አየች። የበደሏት ሁሉ አልጋዋን ከበቡ፤ ሁሉንም በተራ ይቅር አለችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሞተች።

«አየህ አባየ፣ በድራማ አገር አንዴ የሳለ አለቀለት» አለች ትዕግስት። ስትስቅ ሳሉ ያዛት። አንዴ አልነበረም፤ ወገቧን ይዛ እስክትጎብጥ ድረስ ነው።

ያን ጊዜ መስኮቱ ላይ ለብቻው የተቀመጠውን ኩባያ አየሁ። ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የኔ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።»

«ጤና ጣቢያ ኪኒን የምትሰጥሽ ልጅ በኩባያ አይተላለፍም አላለችሽም?»

«ብላኛለች። ሰው ግን ይፈራል።»

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ልጆቼ የሚያውቁኝ በትእዛዝ ነው። «ቴሌቪዥኑን ዝጊው» አልኳትና የጉም አገሯን ሴት ጀመርኩላት። አባቷ ሲተርት ሰምታ አታውቅም፤ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ምንጩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለች።

የአያ ደምሴ ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ባለክሩን ኩባያ አንሥቼ የቀረውን ውኃ ጠጣሁ።

«ከዚያ ወንድሟ ተከትሏት ወረደና በጣሳዋ ጠጣ።»

«እሷስ? ዳነች?»

«አላውቅም። ወንድሟ ያኔ ልጅ ነበረ።»

ትዕግስት ክሩን ፈታችው። ኪኒኑን ገና አልጨረሰችም፤ ሳሉም አልተዋትም። እኔ ወደ አገሬ ተመልሻለሁ። ማታ ፍሙ ሲዳፈን፣ ያኔ ከገደሉ የተወረወረው ጣሳ እስካሁን ታች ያልደረሰ ይመስል ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ እጄን ዘርግቼ ልይዘው እላለሁ።