ዚግዛግ ክኒኗን ስታብቃቃ

እጆቿ ክር ያጠነጥናሉ። ግራ እጇ አራት ማዕዘን ሆና የተቆረጠች የካርቶን ቁራጭ ይዟል፤ ቀኝ እጇ የተረፈውን ክር ደጋግሞ ይጠመጥማል። ዓይኗ ግን እዚያ የለም፤ በሩ ላይ ቆማ ከምትነዘንዛት ደንበኛ ጋር ነው። ደንበኛዋ ብትን ጨርቋን ዘርግታ፣ "ለቀሚስ አይበቃም ብሎ የሄድኩበት ሰፊ ሁሉ መለሰኝ" ትላለች። እህቴ እጇን ሳታቆም ጨርቁን በዓይኗ ትለካና፣ "ኪስም ይወጣዋል" ትላታለች።

እኔ ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጬ እስቃለሁ። ታናሽ እህቴ እንዲህ ናት። ጨርቅ አንሷት አያውቅም። ቅዱን ታዞረዋለች፣ ከእጅጌ የተረፈውን ለኮሌታ፣ ከኮሌታ የተረፈውን ለኪስ ታደርገዋለች። ከሰፋች በኋላ ወለሉ ላይ የሚቀረው ቁራጭ አፍንጫ አያስጠርግም።

የሰፈሩ ልጆች "ዚግዛግ" ይሏታል። የስፌት መኪናዋ ዚግዛግ ስለሚሰፋ ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ ስትሄድ በግራ በኩል ያለችውን ስማ ወደ ቀኝ ትሻገራለች፤ በቀኝ ያለውን ስለ ልጁ ጤና ጠይቃ ወደ ግራ ትመለሳለች። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ስትቆይብኝ፣ "ስንዴው እስኪታጨድ ጠብቀሽ ነው?" እላታለሁ። "ሰው አይቶ ማለፍ ምን ይባላል እትዬ?" ትለኛለች። ከእሷ ጋር ገበያ መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ እኔም የማላውቀው ሰው የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልቧ አስቸገራት። ሲነሳባት ክር እንደተወሳሰበበት መኪና ይሆናል፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ደግሞ ቀጥ ይላል። ሐኪሙ መርምሮ ክኒን አዘዘላትና እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እየሰማሁ እንዲህ አላት፤ "ጠዋት ጠዋት ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። ተሻለኝ ብለው እንዳይተዉት፤ ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ልብ ከበፊቱ ይብስበታል።" እሷም በእሺታ ወሰደችው። ጠዋት ሱቋን ከፍታ መኪናዋ ላይ ከመቀመጧ በፊት ክኒኗን ትውጣለች። ያን ጊዜ ልቧም እንደ ሰው ልብ ሆነ።

አንዲት ልጇ የምትኖረው ውጭ አገር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ፣ "እማዬ፣ ነይልኝ" አለቻት። ዚግዛግ የሰው ልብስ ሁሉ ሰፍታ አስረከበች፤ የሱቋን ቁልፍ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። የሕፃን ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ ለአማቿ ሸሚዝ፣ ለልጇ ሰፋፊ ቀሚስ። ሻንጣው አልዘጋ ሲላት የመድኃኒቷን ካርቶኖች አወጣቻቸው። "ይሄ ሁሉ ቦታ የያዘው ለአየር ነው" አለች። ክኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ቆራርጣ፣ ከመጋረጃ ገበር በሰፋችው ጥቅል ጨርቅ ላይ ለየቀኑ ትንንሽ ኪስ አበጅታ በየኪሱ ከተተቻቸው። ውስጡ ያለውን ወረቀት ጣለችው። ካርቶኖቹንማ መች ትጥላለች፤ ቆራርጣ ክር ጠመጠመችባቸው። ጥቅሉ ሲታይ የሚያምር ነበር፤ ለጠርዙ እንኳ ሰማያዊ ጥለት አድርጋለታለች። የያዘችው ክኒንም እስክትመለስ ድረስ የሚበቃና ትንሽ የሚተርፍ ነበር።

እዚያ ከደረሰች በኋላ ግን የታሰበው ሁሉ ተለወጠ። ልጅቷ እርግዝናዋ ከበዳትና ከአልጋ እንዳትነሳ ታዘዘች። ዚግዛግም ልጇን ጥላ መመለስ አልሆነላትም፤ መመለሻዋ ተራዘመ። በየቀኑ በስልክ ፊቷን እያየሁ እናወራለን፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ የልጇን እግር ታሻለች። ስለ ራሷ ስጠይቃት "እኔ ምን እሆናለሁ" ነው መልሷ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ለሚወለደው ልጅ የሰፋችውን ሸሚዝ ወደ ስልኩ አስጠግታ አሳየችኝ። ጣት የምታክል እጅጌ አለችው። ዓይኔ የቁልፍ ቤቶቹ ላይ አረፈ። የእህቴ የቁልፍ ቤት ሁልጊዜ እኩል ነው፤ በመስመሪያ የተሠመረ ነው የሚመስለው። እነዚህ ግን አንዱ ሰፍቷል፣ አንዱ ጠቧል፣ የአንዱ ክር ተንጨፍርሯል።

"ይህን ማን ሰፋው?" አልኳት።

"ማን ይሰፋዋል? እኔ ነኛ።"

"በእግርሽ?"

ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ጠበቀች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም። ይሄ አገር ደረጃ ይበዛዋል።"

"ቁጭ ብለሽ እኮ ነው የምታወሪኝ።"

ሸሚዙን ማጣጠፍ ጀመረች። ዚግዛግ ወሬ ስትሸሽ ደስ አይለኝም።

"መድኃኒትሽ አለ?"

"አለኝ።"

"አሳዪኝ።"

"እትዬ ደግሞ፤ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?"

"አዎ፣ ተቀጠርኩ። አምጪው።"

እያጉረመረመች ጥቅሉን አምጥታ ዘረጋችው። ኪሶቹ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ናቸው። መጨረሻ ላይ ካሉት ጥቂቶቹ ውስጥ ነጭ ነገር ታየኝ፤ ክኒን ሳይሆን የክኒን ቁራጭ ነው። በክር መቀሷ ነው የቆረጠችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ግማሽ ነው።"

"ሌላው ግማሽስ?"

"የከነገ ወዲያ ነው። ነገ አልወስድም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አብቃቅቼው ነው እትዬ። ልጅቷ ተኝታለች፤ ባሏ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ይሮጣል። በዚህ ላይ እኔም ታመምኩ ልበላቸው? ላስታምም መጥቼ ልታመምባቸው?"

"ልብሽ ብትን ጨርቅ መሰለሽ?"

"እስክትወልድ ብቻ ነው። አደራ፣ እንዳትነግሪያት።"

"እኔ አልነግራትም። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ስልኩን እንደያዝሽ ወደ ክፍሏ ግቢ፤ እኔ እየሰማሁ ነው።"

ተነሳች። ስልኩ ሲወዛወዝ ግድግዳውን፣ ኮሪደሩን፣ የበሩን እጀታ አየሁ። ልጅቷ በጎኗ ተኝታ ትራስ ታቅፋለች። ዚግዛግ መናገርም እንደ መራመድ ነው የምታደርገው፤ በብርዱ ጀመረች፣ ወደ ደረጃው ተሻገረች፣ ስለ ጎረቤት ድመት አነሳች።

"እማዬ፣ ወደ ነገሩ" አለች ልጅቷ።

ነገረቻት። ልጅቷ ጥቅሉን ተቀብላ ባዶዎቹን ኪሶች አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። አልጮኸችም። "ይሄ ልጅ ሲወጣ ማን ይይዘው ብለሽ ነው?" ብቻ አለቻት። ዚግዛግ ሌላ ሰው ስታስለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም ማዶ ሆኜ አገዝኳቸው።

አማቿ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ መጣና ቅርብ ወዳለ መድኃኒት ቤት ወሰዳት። ባለመድኃኒት ቤቷ ወጣት ናት አሉኝ። ጥቅሉን ገልብጣ ስፌቱን አደነቀች፤ የክኒኑን ቁራጭ ብርሃን ላይ ይዛ አየችው፤ ከዚያ እራሷን ነቀነቀች። ማሸጊያው ስለተቆራረጠ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሙሉ አይደለም። "ካርቶኑስ? የሐኪሙ ማዘዣስ? የምን መድኃኒት እንደሆነና መጠኑን ሳላውቅ የልብ መድኃኒት አልሰጥም፤ ሐኪምም ሊያያቸው ይገባል" አለች። እዚህ የታከመችበት ክሊኒክ ደግሞ በበዓል ምክንያት ተዘግቷል፤ ብንደውል የሚያነሳ የለም።

አማቿ ወደ ሐኪም ቤት ወስዷት፣ እዚያ ወረፋ እየጠበቁ ደወለልኝ። "እትዬ፣ እማማ ካርቶኑ ሱቅ ውስጥ ነው ይላሉ፤ ክር ተጠምጥሞበታል።"

ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። የክር ቅርጫቷን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት፤ የክሩ ብዛት ለአንድ ከተማ ይበቃል።

"ነጩን ፍቺ" አለችኝ ዚግዛግ ከማዶ።

"ነጩ የትኛው? ግማሹ ነጭ ነው።"

"የመጋረጃውን። ወፍራሙን።"

ፈታሁት፤ የሳሙና ካርቶን ነው። ሌላ ፈታሁ፤ ብስኩት። ሌላ ፈታሁ፤ የአምፖል። እሷ ሐኪም ቤት ተቀምጣ ልቧ እየዘለለ፣ "ቀስ ብለሽ ፍቺው፤ እንዳታወሳስቢብኝ" ትለኛለች።

"አሁን የሚያሳስብሽ ክሩ ነው?"

"ጥሩ ክር ነው እትዬ።"

ቡናማው ክር ሥር አገኘሁት። ከላይ እስከ ታች በሙሉ ስላልነበረ ስሙ አለ፣ መጠኑ የለም፤ ካርቶኑን ለሁለት ቆርጣዋለችና። ሌላው ግማሽ ከጥቁሩ ክር ሥር ወጣ። ሁለቱን ቁራጮች መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አገጣጥሜ ስልኩን ከላይ ያዝኩላቸው። የውጭ ፊደል ስለሆነ ለእኔ ምንም አይለኝም፤ አማቿ ሲያነበው ግን ከድምፁ ገባኝ። "ይሄው ነው እማማ። አገኘነው።"

ሐኪሙ ልቧን በመሣሪያ አይቶ፣ በዚያ አያያዟ ብትቀጥል አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቃ ትቀር እንደነበር ነገራት። ማዘዣ ጻፈላት። መድኃኒቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተነሳ።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አለች። "የእኔ ነጭ ነው። ይሄ ቢጫ ነው።"

"ያው ነው እማማ።"

"ስሙም ሌላ ነው። ባላነብም መልኩ ሌላ ነው።"

አማቿ ትዕግሥት አለው፤ አምላክ ያክብርልኝ። ባለመድኃኒት ቤቷ ከትልቁ ስም በታች በደቃቁ የተጻፈውን በጣቷ አሳየችው፤ እሱም ያን ጊዜ በስልኩ ያስቀረውን የካርቶኑን ፎቶ አጠገቡ አድርጎ፣ "ይኸው፣ ውስጡ ያለው መድኃኒት እዚህም እዚያም አንድ ነው። አንዱን ጨርቅ ሁለት ባለሱቆች በየራሳቸው ስም ይሸጡት የለ?" አላት።

ይህ ገባት። ክኒኑን አገላብጣ አየችው። "ቀለሙ ግን አያምርም" አለችና ዋጠችው።

ልጁ የተወለደ ቀን ከእናቱ ቀጥሎ የተቀበለችው እሷ ናት። በስልክ ሲያሳዩኝ ያቺን ሸሚዝ ለብሷል። የቁልፍ ቤቶቹ ተፈትተው እንደገና ተሠርተዋል፤ እኩል ናቸው።

ከተመለሰች በኋላ ሱቋን ከፍታ ቅርጫቷን ስታይ፣ "የገባብኝ ሌባ ነው ወይስ ድመት?" አለችኝ። እኔ መልሼ ያጠነጠንኩትን ሁሉ ፈታ፣ እየተቆጣች እንደገና ስታጠነጥን ዋለች። አሁንም እያጠነጠነች ነው፤ በእጇ ያለችው ቁራጭ ግን የሳሙና ካርቶን ናት። ልጁ መሄድ ስለጀመረ ደግማ ልትጠይቀው ነው፤ ለብዙ ወር። የመድኃኒቷ ካርቶኖች ከነሙሉ ጽሑፋቸው፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጇ በምትይዘው ቦርሳ ገብተዋል። መመለሻዋ ቢዘገይም የሚበቃ አላት፤ ካለቀም የት እንደምትጠይቅ ልጅቷ አስቀድማ አጣርታለች። ትናንት "አሳዪኝ" ስላት፣ "አሁንም ፖሊስ ነሽ?" ብላ ቦርሳዋን ከፈተችልኝ። ለካርቶኖቹም ልብስ ሰፍታላቸዋለች፤ ምን ይደረጋል።

እናንተም ቤት አንዲት የምታብቃቃ እናት ወይም አክስት አትጠፋም። ሩቅ አገር ልትሄድ ስትነሳ፣ እዚያም ሆና በስልክ ስታወራችሁ፣ መድኃኒት አለሽ ወይ ስትሏት አለኝ ትላችኋለች። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው፤ አለኝ ስትላችሁ አትመኗት። አሳዪኝ በሏት።